ጎርፉን ሰው በልቡ የት አስቀምጦታል? ለሰሜን ሸዋ ሰፈሮችና ቀበሌዎች ዝርዝር መመሪያ

ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ እየጠበሰች ወንዝ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የዘነበው ከበላይ፣ ጣርማበርና ደብረ ሲና ተራሮች ላይ ነው። ጣርማበር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ያንን ሁሉ ቁልቁለት በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ይወርደዋል። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። አምና ከደጋ ወርዶ ወንዝ ዳር ቤት የተከራየ ሰው ግን ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፤ ደመና የለም፤ ልብሱን ሊያጥብ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። በጭንቅላታቸው የያዙት ካርታ ግን ለየቅል ነው። ይህ መመሪያ ያንን ካርታ እንዴት ወረቀት ላይ እንደምታወጡት ይናገራል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ መምህር፣ የዕድር ዳኛ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ ሊሠራበት ይችላል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ከመነሻው የእኔን አቋም ልናገር። ሰው ሁሉ "እዚህ ጋ ጎርፍ አለ" ብሎ የሚጠቁማችሁ ቦታ እምብዛም አያሳስብም። እዚያ ማንም ልጁን አይሰድም፣ ማንም ከብቱን አያስርም። የሚያሳስበው ሁሉም ሳይጠቁመው ያለፈው ቦታ ነው። ሥራችሁ ያንን ባዶ ቦታ ማግኘት ነው።

ለምን እንደመጣችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ

ገጠር ውስጥ ወረቀት ዘርግቶ ካርታ የሚስል ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ጎርፍ ሳይሆን መሬት ነው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የተደረገውን የመሬት ሽግሽግ የሚያስታውስ ሰው ዛሬም ሞልቷል። ከዚያ ወዲህ ልኬታው መጣ፣ የይዞታ ደብተሩም መጣ። ስለዚህ ወንዝ ዳር ማሳ ያለው ገበሬ "አደጋ ያለበት ነው ብለው ሊነሡኝ ነው" ብሎ ዝም ይላል። ጎረቤቱ ደግሞ "እርዳታ ሊጻፍ ነው" ብሎ ደረቁን ማሳ ሁሉ በውኃ ያጥለቀልቀዋል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ እናንተ የምትይዙት ካርታ ግን ከሁለቱም የራቀ ይሆናል።

መድኃኒቱ ቀድሞ መናገር ነው። ቀበሌውን አስፈቅዱ። ከሽማግሌዎቹና ከሃይማኖት አባቶቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡ። ካርታው ላይ የሰው ስምና የማሳ ወሰን እንደማይጻፍ ተናገሩ፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። አበል ከሌለ በመጀመሪያው ቀን ይነገር፤ ይህን ደብቆ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ቀን የሚስልለት አያገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ጊዜ ስልክ ይዞ ወንዝ ለወንዝ ፎቶ የሚያነሣ እንግዳ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ከሰፈሩ ሰው ጋር እንጂ ለብቻችሁ አትውጡ። ሁኔታው ካልተመቸ ቀኑን ግፉት።

ሰዎቹን ለያዩ

ሁሉን ባንድ ስብሰባ ሰብስባችሁ "ጎርፍ የት የት አለ?" ብትሉ የምታገኙት የአንድ ሰው ካርታ ነው፤ በትሩን የያዘው ሰው ካርታ። ሌላው "እሳቸው እንዳሉት ነው" ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ቢያንስ አራት ቡድን አድርጉ። በአንድ ቡድን ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል።

አረጋውያኑ ጊዜን ያውቃሉ። ወንዙ ድሮ በየት በኩል ይሄድ እንደነበር፣ የትኛው ሰፈር አንድ ጊዜ ተነቅሎ እንደተዛወረ ይነግሯችኋል። ጋሼ፣ አባባ፣ እማማ፣ ሼህ ብላችሁ፣ ሰላምታውን አስረዝማችሁ፣ ሳትቸኩሉ ጠይቁ። ታሪኩ ከጎርፉ ወጥቶ ወደ ጣሊያን ዘመን ቢሄድ አታቋርጡ፤ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመለስም ብዙ ጊዜ ቀን ይዞ ነው።

ሴቶቹ መሻገሪያውን ያውቃሉ። ውኃ የሚቀዳበትን፣ እንጨት የሚለቀምበትን፣ ወፍጮ ቤት የሚኬድበትን። በየቀኑ የሚረግጡት መንገድ ነውና የትኛው ድንጋይ እንደሚያንሸራትት ሳይቀር ይነግሯችኋል። ወንዶቹ የሚስሉት ካርታ ማሳና ዋና መንገድ ይበዛበታል። የሴቶቹ ቀጫጭን የእግር መንገድ የሞላበት ነው። ጎርፍ ሰው የሚወስደው ደግሞ ብዙ ጊዜ እነዚህ ቀጫጭን መንገዶች ወንዙን በሚያቋርጡበት ቦታ ነው።

እረኞችና ተማሪዎች የበላዩን ተፋሰስ ያውቃሉ። "ወንዙ ሊሞላ ሲል በምን ታውቃላችሁ?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ንጹሑ ውኃ ድንገት መደፍረሱን፣ ቅጠልና ግሳንግስ ቀድሞ መምጣቱን፣ ከበላይ የሚሰማውን ጉርምርምታ ይዘረዝሩላችኋል። ከልጆቹ ጋር የበልግን ነገር አትርሱ። ሁሉም ሰው ጎርፍ ሲባል ሐምሌንና ነሐሴን ያስባል። ትምህርት ቤት ግን በክረምት ዝግ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት በሚዘንበው በልግ ነው ልጆች ደብተር ይዘው ደረቅ የመሰለውን ወንዝ ጠዋትና ማታ የሚሻገሩት።

አራተኛው ቡድን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ አዲስ ገቢዎችና ተከራዮች። ተፈናቅለው የመጡ፣ ለሥራ የወረዱ፣ ርካሽ ቤት ፈልገው ወንዝ ዳር የገቡ። ካርታቸው ባዶ ይሆናል። "ምንም አላወቁም" ብላችሁ አትጣሉት። ያ ባዶነት ራሱ መረጃ ነው። ከተማ ከሆነ የባጃጅ ሹፌሮችንም ጨምሩ፤ የትኛው መንገድ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

መሬት ላይ አስሉ

የታተመ የሳተላይት ምስል ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን። ሰው የታተመ ነገር ሲያይ "ልክ ነው" ይልና የራሱን ይተዋል። ሰፋ ያለ፣ የተጠረገ መሬት ፈልጉ። ወንዙን በአመድ አስምሩ፤ ቤቱ ድንጋይ ይሁን፣ ዛፉ ቅጠል፣ መንገዱ በጭራሮ የተጫረ መስመር። ዱላውን ለእነሱ ስጡ፣ እናንተ ወደ ኋላ በሉ።

ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ሰው መጀመሪያ የሚያስቀምጠው ነገር የዓለሙ እምብርት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሊሆን ይችላል፣ መስጊዱ፣ ወይም አስፋልቱ። ርቀቱም አይመጣጠንም። በየቀኑ የሚኬድበት ይሰፋል፣ የማይኬድበት ይጠባል። አታርሙት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶልማን በ1948 እ.ኤ.አ. አይጦች እንኳ የሚሄዱበትን ቦታ ሥዕል በጭንቅላታቸው እንደሚይዙ ጽፎ ነበር። የሰው ደግሞ ትዝታም ፍርሃትም የተቀላቀለበት ነው። እናንተ የምትፈልጉት ይህንኑ መዛባት ነው፤ ትክክለኛውን ርቀት ስልካችሁም ይነግራችኋል።

ሲጨርሱ ወንበር ላይ ወይም አጥር ላይ ወጥታችሁ ከላይ ፎቶ አንሡ። ከዚያ ወደ ትልቅ ወረቀት ገልብጡት፤ ጥግ ላይ ቀኑንና የየትኛው ቡድን እንደሆነ ጻፉበት።

ጥያቄውን አሳምሩ

"ጎርፍ ያሰጋችኋል?" ተብሎ አይጠየቅም። ወይ "አዎ" ይላችኋል፣ ወይ "የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል" ይላችኋል፤ ሙስሊሙም የአላህ ውሳኔ ነው ይላችኋል። ከዚህ ጋር አትከራከሩ። "የእግዜር ሥራ ነው" ያሉት አባት ሰኔ ሲገባ በቤታቸው ዙሪያ ቦይ ሲቆፍሩ ታገኟቸዋላችሁ። እምነቱም ቦዩም እሳቸው ዘንድ አብረው ይኖራሉ። "ባለማወቅ ነው፣ ግንዛቤ ይጎድላል" የሚሉ ሪፖርቶች ይህን አያዩም፤ ለእኔ ያ ስንፍና ነው።

ይልቅ አንድ ሌሊት ስጧቸው፦ "ነሐሴ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት። ልጅ ትኩሳት ያዘው፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባችሁ። በየት ትሄዳላችሁ? የት ላይ ቆማችሁ ታመነታላችሁ? የት ላይ ትመለሳላችሁ?" ይህን ስትጠይቁ ዱላው መሬቱ ላይ መሄድ ይጀምራል። የሚቆምበት ቦታ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። አንዷ እናት "እኔስ እሻገራለሁ፣ ምን አማራጭ አለኝ" ትል ይሆናል። ይህንንም ጻፉት። አደጋውን ማወቅ ሌላ፣ መሸሽ መቻል ሌላ ነው።

ቀጥሎ ጥልቀት። ሰው በሴንቲ ሜትር አያስብም፤ ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ ጉልበት፣ ወገብ ይላል። እናንተም እንደዚያው መዝግቡ፣ በኋላ በሜትር ለኩት። "እስከ ጉልበት ብቻ ነው" የሚል አነጋገር ብዙ ጊዜ ለማጽናናት የሚባል ነው። እዚህ ላይ እውነታውን ማስገባት ተገቢ ነው። በኃይል የሚወርድ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ እንኳ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚያ እነዚህን ጨምሩ፦ ውኃው ከየት መጣ? ምን ይዞ መጣ፣ ደለል ወይስ ድንጋይ? ስንት ሰዓት ቆየ? ድምፁ ከተሰማ እስኪደርስ ምን ያህል ጊዜ ነበር? የመጨረሻዋ ጥያቄ በኋላ ለማስጠንቀቂያው ትጠቅማችኋለች።

የአካባቢውን ዓይነት ለዩ

ሰሜን ሸዋ አንድ ዓይነት ጎርፍ የለውም። ቆላው ላይ፣ ሮቢ፣ ጀውሃና አታዬ ወደ አዋሽ በሚወርዱበት በኩል፣ ጉዳዩ ደራሽ ውኃ ነው። ወንዞቹ ከተራራው ሲወጡ ቁልቁለቱ ስለሚያልቅባቸው ድንጋዩንና ደለሉን እዚያው ይጥሉታል። ወለላቸው ከፍ ይላል፣ መንገዳቸውንም ይቀይራሉ። ዘንድሮ ሽንኩርትና ማሾ ያበቀለ ማሳ በሌላ ዓመት የድንጋይ ክምር ሊሆን ይችላል።

እነዋሪና ሞረት በኩል ደግሞ ጥቁር አፈር ነው። ውኃው ይተኛል እንጂ አይሮጥም። እዚያ ስለ ጎርፍ ብቻ ብትጠይቁ "የለም" ይሏችኋል። "ውኃ የሚተኛበት የት ነው?" በሏቸው፣ ግማሹን ማሳ ያሳዩአችኋል። ደብረ ሲናና ጣርማበር ላይ የናዳን ነገር ሳትጠይቁ አትመለሱ፤ በ1998 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ መሬቱ ከነቤቱና ከነማሳው ተንሸራትቶ ብዙ ሰው አፈናቅሏል። የተሰነጠቀ መሬት፣ ያዘመመ ዛፍ፣ ድንገት የፈለቀ ወይም የደረቀ ምንጭ ካለ በካርታው ላይ ይግባ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ የበሬሳ ወንዝ አለ፤ ከዚያ በተጨማሪ ቆርቆሮ ጣሪያና አስፋልት በበዛ ቁጥር አፈሩ የሚመጠው ውኃ ስለሚቀንስ የተደፈነ ቱቦና ዲች ሁሉ መታየት አለበት።

ትዝታውን ከጊዜ ጋር እሰሩ

"ትልቁ ጎርፍ መቼ ነበር?" ሲባል ብዙ ሰው የሚነግራችሁ የቅርቡን ነው። ትቨርስኪና ካህነማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በቀላሉ ትዝ የሚለን ነገር ዘወትር የሚሆን ይመስለናል፤ ትዝ የማይለን ደግሞ የሌለ ይመስለናል። አምስት ዓመት ጎርፍ ካልመጣ ወንዙ "ጨዋ ሆኗል" ይባላል፣ ቤቱም ወደ ዳሩ ይጠጋል።

ስለዚህ ረዥም ገመድ ዘርጉና በላዩ ዘመናትን አስቀምጡ፦ የ1966ቱ አብዮት፣ የሰባ ሰባት ድርቅ፣ ደርግ የወደቀበት 1983፣ ምርጫ 97፣ ሚሌኒየሙ፣ ኮሮና የገባበት 2012። "ያ ጎርፍ ከዚህ በፊት ነው በኋላ?" እያላችሁ ድንጋይ አስቀምጡ። ወሩንና ቀኑን ለማግኘት በዓላቱ ጥሩ ናቸው፤ ሐምሌ ገብርኤል፣ ፍልሰታ፣ ቡሄ። በቀወትና በኤፍራታ በኩል ግን ሙስሊሙ ረመዳንንና አረፋን ይጠቅሳል። የእስልምና ዘመን አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ "ረመዳን ላይ ነበር" ከተባላችሁ ዓመቱን ሳታውቁ ወሩን አትገምቱ። ሁለቱን ካገናኛችሁ ግን ፍለጋው ወደ ጥቂት ተከታታይ ዓመታት ይጠባል፦ "ረመዳንና ፍልሰታ የተገናኙበት ጊዜ" የሚል ሰው በጣም ጠቃሚ መረጃ ሰጥቷችኋል።

በእግር ሂዱ

አሁን ካርታውን ይዛችሁ ከበላይ ወደ ታች በወንዙ ዳር ውረዱ። ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ይምጣ። ሜትርና ስልክ ይበቃል፤ ኔትወርክ በሌለበትም የሚሠራ የካርታ አፕ አስቀድማችሁ ጫኑ።

የምትፈልጉት ውኃው የተወውን ነው። ግራር ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የደረቀ ሣር ስታዩ ቁሙ። ከስሩ ሆናችሁ ቀና ብላችሁ ስታዩት ወፍ የሠራው ጎጆ ይመስላል፤ ቀረብ ብላችሁ ስትነኩት ግን የማሽላ አገዳ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ የላስቲክ ፍንካች በጭቃ ተለስኖ ታገኙታላችሁ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል፤ ውኃው የሄደበት አቅጣጫ ነው። ከመሬት እስከ እሱ ለኩ። ደረት ድረስ ከሆነ እዚህ ቦታ ላይ ውኃው ሰው ደረት ደርሶ ነበር ማለት ነው፤ ማን አስታወሰ ማን ረሳ ለውጥ አያመጣም። በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ከታች ቀለሙ የተለየ መስመር ይኖራል፤ እሱንም ለኩ። የዛፍ ሥር መገለጡን፣ ቦረቦሩ ወደ ቤት መጠጋቱን፣ ቱቦው በላስቲክና በድንጋይ መደፈኑን መዝግቡ።

ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ መረብ ውስጥ ድንጋይ ተሞልቶ የሚሠራ የወንዝ ዳር ግድግዳ፣ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ብዙ ቆዩ። ጋቢዮን ከተሠራ በኋላ ሰው ይረጋጋል፣ ከኋላው ቤት ይሠራል፣ በካርታውም ላይ ቦታው "ደኅና" ይባላል። ግን ከፊቱ ያለው ደለል ስንት ሞልቷል? ከጋቢዮኑ ጫፍ እስከ ወንዙ ወለል የቀረው ከፍታ ስንት ነው? ወገብ ይደርስ የነበረው ጉልበት ላይ ቀርቶ ከሆነ፣ ግድግዳው አለ እንጂ ጥበቃው ተመናምኗል።

አደራርቡና ክፍተቱን ፈልጉ

አራቱን ካርታዎች ወደ አንድ ገልብጡ። አሁን የጉግል ኧርዝ ምስል ቢገባ ጥሩ ነው። ሦስት ቀለም ይበቃል። ሁሉም የተስማሙበት ቢጫ። አንድ ቡድን ብቻ ያነሣው ሰማያዊ። ማንም ያላነሣው፣ ግን በእግር ጉዞው ምልክት የተገኘበት ቀይ።

ቢጫውን እለፉት። ሰማያዊው ላይ "ለምን እነሱ ብቻ?" በሉ። ሴቶች ብቻ ያነሡት መሻገሪያ ብዙ ጊዜ ድልድይ የሚጠየቅበት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ዝርዝሩን የሚጽፉት ወንዶች ናቸው። ቀዩ ላይ ግን ሁሉንም ቡድን ሰብስቡ። የግራሩን ፎቶ አሳዩ። ዝም ይባላል፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ "እሱማ ድሮ..." ብለው ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ጻፉ።

አንድ ተቃውሞ መምጣቱ አይቀርም፦ "እሱ በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ነው፤ መጥቶ ሄዷል።" በመቶ ዓመት አንዴ ማለት በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው፤ ዘንድሮ መጣ ማለት ለከርሞ አይመጣም ማለት አይደለም። 99 ባቄላና አንድ ሽምብራ ከረጢት ውስጥ ጨምሩ። እያንዳንዱ ሰው ሳያይ አንድ ያውጣ፣ ይመልስ፣ ቀጣዩ ያውጣ። አንድ ቤት 30 ዓመት ቢቆም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሽምብራው ቢያንስ አንዴ የመውጣት ዕድሉ ከመቶ 26 ነው። ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም። ድሬዳዋ ላይ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ የወረደው በደጫቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆኖ በሚታይ ወንዝ ነበር።

ካርታውን ወደ ጥሪ ለውጡት

ካርታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው አያድንም። "ድምፁ ከተሰማ እስኪደርስ ስንት ጊዜ?" ያላችሁትን አሁን አውጡ። መልሱ ሩብ ሰዓት ከሆነ ከበላይ በኩል ስልክ የሚደውል ሰው ያስፈልጋል። ሁለት ሰው ይሁኑ፤ አንዱ ካልተገኘ ሌላው። ታች የሚቀበሉትም ሁለት። ዝናብ ሲመጣ መብራትም ኔትወርክም እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ስለዚህ በስልክ ብቻ አትመኩ።

የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የመስጊድ ማይክ፣ የዕድር ጥሩምባ አለ። ግን ደወል ሌሊት ለማሕሌት ይደወላል፤ ጥሩምባም ለሞት ይነፋል። ሰው "ማን ሞተ?" ብሎ ወደ ጥሩምባው ቢሮጥ ምናልባት የሚሮጠው ወደ ወንዙ ነው። ስለዚህ አነፋፉ የተለየ ይሁን፦ አጭር አጭር፣ የማያቋርጥ። ሰኔ ሳይገባ አንድ ቀን ለሙከራ ይነፋ። ማን ወዴት እንደሚሸሽም በካርታው ላይ በቀስት ይመላከት፤ ቀስቱ ወንዝ የሚያቋርጥ ከሆነ መንገዱ ይቀየር። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንና አራስ ያሉበትን ቤት የሚያንኳኳ ሰው በቃል ይመደብ፤ ይህ ካርታው ላይ አይጻፍም።

ቅጂውን ለቀበሌና ለወረዳው የአደጋ ሥጋት ሥራ ኃላፊ ስጡ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግን ማታና ቅዳሜ ዝግ ነው። አንዱን ወፍጮ ቤት ስቀሉት፤ ሴቶቹ ተራ እየጠበቁ ያዩታል፣ ይከራከሩበታል፣ ያርሙታል። አንዱን ትምህርት ቤት፣ አንዱን ዕድሩ ድንኳን የሚያስቀምጥበት ቤት። በየዓመቱ በመስቀል ሰሞን፣ ውኃው ሲጎድልና ትዝታው ሳይደርቅ፣ አንድ ቀን መድቡና የዘንድሮውን ጨምሩበት። አዲስ ገቢዎቹን በዚያን ቀን አስቀድማችሁ ጥሩ፤ ባለፈው ዓመት ባዶ የነበረው ካርታቸው ስንቱን እንደያዘ የምታዩት ያኔ ነው።